የባርባ ማንቶስ ቀጭን ኖራ

ሰው አይደለም! ራስ የለው፣ ጣት የለው፣ የጎድን አጥንት የለው። ዛሬ ረፋዱ ላይ የመጨረሻዋ አመድ በብሩሽ ተጠረገችና ስድስት ሰዎች ሆነን በገዛ ዓይናችን አየነው። ሰው አይደለም፤ ሰው ሆኖም አያውቅም። እልል ማለት የምትችሉ እልል በሉ፤ ደወል አጠገብ ያላችሁም ገመዱን ሁለት ጊዜ ብትስቡት ቄሱ የሚቆጡ አይመስለኝም።

የማን የምሥራች ነው ካላችሁ፣ የባርባ ማንቶስ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ነው ብሎ ብቻውን ይዞት የኖረው እሱ ነው። ለሚስቱ አልነገረም፤ ለንስሐ አባቱ አልነገረም፤ እኛማ ጭራሽ ከየት እናውቃለን። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ፤ ከመካከል ከጀመርኩ ደስታው ያደናቅፈኛል።

መንደራችን አክሮቲሪ ውስጥ ጠጉሩ የሸበተ ወንድ ሁሉ "ባርባ" ይባላል፣ አጎቴ እንደማለት። ማንቶስን ግን ገና ጺሙ ጥቁር ሳለ ነው ባርባ ማለት የጀመርነው፤ ጠባዩ ቀድሞት አረጀ። ሥራው ቤት መቆፈር ነበር። እኛ ዘንድ ቤት ወደ ላይ ከሚሠራው ይልቅ ወደ ውስጥ የሚቆፈረው ይበልጣል፤ ተራራችን በጥንት ዘመን ሲፈነዳ ደሴቷን ያለበሳትን ነጭ አመድ በዶማ እየገመሱ ይገቡና፣ ጣሪያውን ቅስት አድርገው ኖራ ሲቀቡት አንዱ መኝታ ቤት፣ አንዱ የአህያ ጋጣ፣ አንዱ የወይን ጓዳ ይሆናል። ማንቶስ ከሌላው ቆፋሪ የሚለየው በጆሮው ነው። ዶማውን ገልብጦ በጀርባው ግድግዳውን ኳ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። "ሁለት ክንድ ግቡ፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ነው" ይላል። ሁለት ክንድ ሲገቡ ድንጋይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ያን የሐምሌ ማለዳ መሬቱ ሲናጥ የመንደራችን ቤት ግማሹ ወርዷል። በደንባችን ለሙሽሮች ቤት የሚሰጠው የሙሽሪት አባት ነው፤ ሲዴሪስም ለልጁ ለፍራንጉላና ለባሏ ለማንቶስ የሰጠው ቤት ገና ሙሽሮቹ ሳይጠግቡበት ፈረሰ። ሽማግሌው ሁለተኛ ቤት ከየት ያምጣ? ከወይን ማሳው ጫፍ ያለችውን ተዳፋት አሳያቸውና ቆፍራችሁ ግቡ አላቸው። ማንቶስ ከመኝታው በፊት የወይን ጓዳውን ጀመረ፤ ሰው በድንኳን ሊያድር ይችላል፣ የተረገጠ ወይን ግን ቦታ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ በስተሰሜን ባለው ግድግዳ ዶማው ገባና ቀረ። ሲስበው ጡጫ የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ።

የወይን ጓዳ ሲቆፈር ቀዳዳ ከተገኘ በዚያው ዕለት ፀሐይ ሳትገባ መደፈን አለበት። የሚተነፍስ ግድግዳ ወይኑን ኮምጣጤ ያደርገዋል፤ ይህን የማያውቅ የአክሮቲሪ ሰው የለም። አደፋፈኑም የታወቀ ነው። ድንጋይ ትጠቀጥቃለህ፣ በወፍራም የኖራ ጭቃ ትመታለህ፣ ደግሞ ትጠቀጥቃለህ። ማንቶስ ግን ድንጋይ ከየት ያምጣ? ከፍርስራሹ የተረፈውን ድንጋይ ሁሉ ቤቱን መልሶ የሚሠራው ሰው ወስዶታል። ቀዳዳውን ትንሽ አሰፋና እጁን እስከ ትከሻው ድረስ ሰደደ። ውስጡ ልስልስ ነው። ወዲህ አንድ ቀጭን ክፍተት ወደ ታች ይወርዳል፤ ወዲያ ሌላ። ረጅም የወይን ሐረግ ይዞ ሲፈትሽ አራት ቆጠረ፤ አራቱም ቀጫጭን፣ አራቱም ቁልቁል የሚወርዱ። የሥር መንገድ ይሆናል አለ። ሥር ቢሆን ባይሆን በዚያን ሰዓት ምን ጨነቀው፤ ፀሐይዋ ልትገባ ነው፣ ሙሽራው ርቦታል።

እናላችሁ፣ ኖራና ያንኑ የቆፈረውን አመድ በውሃ በጠበጠና በባልዲ አፈሰሰው። ወፍራም ጭቃ ወደ ውስጥ አልገባ ብሎ አፉ ላይ ሲቆምበት ውሃ ጨመረ። አሁንም ሲቆምበት ደግሞ ጨመረ። አስራ አንድ ባልዲ ጠጣ ያ ቀዳዳ። በመጨረሻ አፉን በትንሽ ወፍራም ጭቃ መረገውና በመዳፉ መታ መታ አድርጎ እራቱን ሊበላ ሄደ።

በማግስቱ አማቱ መጣ። ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን አይቶ፣ "ይሄ ግንብ ነው ወይስ ሾርባ?" አለው። ሲዴሪስ እስኪሞት ድረስ በየድግሱ ይህን ነገር ሳያነሳ አልተነሳም፤ የልጄ ባል ግድግዳ የሚሠራው በጭልፋ ነው እያለ ስንቱን አስቋል። ማንቶስ አንገቱን ደፍቶ ይጠጣል። እውነቱን ነው፤ ስንፍና ነበር። እሱም ራሱ ስንፍና ነው ይላል።

አስር ዓመት አለፈ። ከዚያ ከመንደሩ በታች ባለው ሸለቆ ቁፋሮው ተጀመረ፤ ከአመዱ ሥር ከተማ ወጣ። ፎቅ ቤት፣ መንገድ፣ ግድግዳ ላይ የተሣሉ አበቦችና ወፎች፣ እህል ያለባቸው ትልልቅ ማሰሮዎች። ከሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት አካባቢ ሰዎች የኖሩበት ከተማ። ከመንደራችን ለሥራ የተቀጠረው ብዙ ነው፤ ማንቶስን ግን ጆሮውን ብለው ነው የወሰዱት።

የመጀመሪያው የጀሶ ማፍሰስ ዕለት እዚያው ነበር። አመዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተገኘች። እንጨት ነበረበት አሉ፤ እንጨቱ በስብሶ አልቋል፣ አመዱ ግን ቅርጹን ይዞ ደርቋል። ውስጡን በረጅም ማንኪያ ጠራረጉ፤ ጀሶ አቅጥነው አፈሰሱበት፤ ሲደርቅ ዙሪያውን አመድ ልጠው ጣሉ። ጠረጴዛ ወጣ። ባለሦስት እግር፣ የተጠረበ፣ ቆንጆ ጠረጴዛ፤ እንደ ነጭ መንፈስ ቆመ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ማንቶስ ወደ ውጭ ወጣና አህያው አጠገብ ቁጭ አለ። በእጁ የነካው ልስልስ ክፍተት ትዝ አለው። የሥር መንገድ አልነበረም።

በዚህ ብቻ ቢቆም ኖሮ አንድ ዕቃ አበላሸሁ ብሎ ይጸጸትና ያልፍለት ነበር። ነገሩን ያከፋው ዛኔስ ነው።

ዛኔስ የማንቶስ አብሮ አደግ ነው፤ መርከበኛ ሆኖ ዓለምን የዞረ፣ የዞረውንም ሁለት እጥፍ አድርጎ የሚያወራ። በዚያው ሰሞን ከናፖሊ ተመለሰና ማታ ማታ በረንዳው ላይ ሰዎች ሰብስቦ ስለ ጣልያኖች ተራራ ስለ ቬሱቪዮ ያወራ ጀመር። የእነሱም ተራራ ከተማ ቀብሯል፤ እነሱም ክፍተት ሲያገኙ ጀሶ ያፈሳሉ።

"ግን የእነሱ ጉድጓድ ጠረጴዛ አይደለም" አለ ዛኔስ፣ "ሰው ነው። ተጠቅልሎ የተኛ፣ ፊቱን በእጁ የሸፈነ። ውሻው እንኳ ተጠማዞ አለ።"

"ልጅም አለ?" አለ ማንቶስ።

"ልጅም አለ" አለ ዛኔስ፣ የወይራ ፍሬ እየበላ ነበር፣ ዘሩን ተፋና ወደ ሌላ ወሬ አለፈ።

እሱ አለፈ፤ ማንቶስ እዚያው ቀረ። አራት ቀጫጭን ክፍተቶች። ሁለት ወዲህ፣ ሁለት ወዲያ። እንዲያውም አጫጭር። ልጅ ነው። በገዛ ጓዳው ግድግዳ ውስጥ የተኛ ሕፃን ላይ አስራ አንድ ባልዲ ኖራ አፍስሶበታል፤ ያውም እራት እንዳያመልጠው ቸኩሎ።

ለሰው ይናገር ይሆን? ቢናገር ምን ይላል? መጀመሪያ ላይ ጥንታዊ ነገር ተገኘበት ብሎ መንግሥት ጓዳውን ይወስድብኛል ብሎ ነው ዝም ያለው፤ በኋላ ግን የጓዳው ነገር ከሐሳቡ ወጣ፤ የቀረው ያ ልጅ ብቻ ነው። ተከፍቶ ከሚያየው ተደፍኖ ቢኖር መረጠ። ቢያየው ደግሞ ምን ሊያይ ነው፣ በኖራ የተበላ ፊት ነዋ።

ከዚያ በኋላ የማንቶስን ነገር ያየ ሰው ግራ ይገባው ነበር። ቁፋሮው ላይ ክፍተት በጆሮው የሚያገኘው እሱ፣ ጀሶውን እንደ ወተት አቅጥኖ የሚበጠብጠው እሱ፤ አመዱ ተልጦ ቅርጹ ሊወጣ ሲል ግን ማንቶስን ፈልጋችሁ አታገኙትም። አጥሩ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ከውስጥ ሳቅ ሲሰማ ብቻ ይመለሳል። "ምንድን ነው?" ይላል። በርጩማ፣ ቅርጫት፣ የበር መቃን። አማትቦ ወደ ሥራው ይገባል።

ጓዳውም እንደዚያው። ፍራንጉላ የሰሜኑ ግድግዳ ፈርሶ ጓዳው ይስፋልኝ፣ በርሜሎቹ ተጣበቡ ትላለች። እሱ ወገቤን ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ይላል። እንዲህ እያለ ስንት ዓመት። እሷም ስንፍናው ከአባቷ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው ብላ ትተወዋለች። የማትተወው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የሙታን መታሰቢያ ቅዳሜ ሁላችንም ንፍሮ ይዘን፣ የሞቱብንን ሰዎች ስም በወረቀት ጽፈን ለቄሱ እንሰጣለን። የማንቶስን ወረቀት ሁልጊዜ የምታጥፈው ፍራንጉላ ናት። አንድ ዓመት ከእናቱና ከአባቱ ስም ቀጥሎ "ስም የሌለው ሕፃን" የሚል አየች። በሚቀጥለውም ዓመት አለ። በሚቀጥለውም። ምንም አልጠየቀችም፤ አጥፋ ሰጠች። የእነሱ ልጆች ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ የሞተባቸው ሕፃን የለም። ማንቶስ ደግሞ ከማግባቱ በፊት ፒሬየስ ወደብ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሴትየዋ ይህን ሁሉ ዓመት ወረቀቱን ስታጥፍ ምን ስታስብ እንደኖረች እንግዲህ እናንተ ገምቱ።

አሁን ወደ ሜልፖ ልምጣ። ሜልፖ ቁፋሮው ላይ ጀሶ የምታፈስሰው ናት፤ ከአቴና የመጣች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሱሪዋ ሁልጊዜ ነጭ አቧራ። ከማንቶስ ጋር ስምንት ዓመት ሠርተዋል። እሱ "ልጄ" ይላታል፤ ሲቀልድ ደግሞ "ሐኪሟ" ይላታል። ክፍተት በተገኘ ቁጥር ሰው ይሆን እንዴ ብሎ ይጠይቃት ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ በትዕግሥት ቁጭ ብላ አስረዳችው። እስካሁን እዚህ ከተማ ውስጥ አንድም በአመዱ የተቀበረ ሰው አልተገኘም አለችው። ተራራው ከመፈንዳቱ በፊት መሬቱ ተንቀጥቅጦ ስላስጠነቀቃቸው ዕቃቸውን ይዘው ወጥተዋል፤ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። የተራራውን ትልቅነትም ያኔ ነው የነገረችው። አመዱ እስከ ቀርጤስ፣ እስከ ቱርክ፣ እስከ ግብፅ ዳርቻ ሄዷል። እነዚያ አገሮች ሲቆፈሩ ያችን ቀጭን የአመድ መስመር ያገኘ ሰው፣ ከሥሯ ያለው ከፍንዳታው በፊት፣ ከላይዋ ያለው ከፍንዳታው በኋላ ነው ማለት ይችላል። ጽሑፍ ባይኖር፣ የንጉሡ ስም ቢጠፋ፣ መስመሯ ትመሰክራለች። የዚያ ዘመን ታሪክ የሚታሰርበት ካስማ የእናንተ ተራራ ነው አለችው። የሚያጨቃጭቃቸው ዓመቱ ነው፤ አንዱ መቶ ዓመት ወደዚያ ይጎትታል፣ ሌላው ወደዚህ።

"እኔ አንድ ክንድ ብሳሳት ጣሪያ ይወርድብኛል" አለ ማንቶስ፤ "እናንተ መቶ ዓመት ተሳስታችሁ ምሳ ትበላላችሁ።"

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ግን ይዞ የሄደው አንዲት ቃል ናት፤ እስካሁን። እስካሁን አልተገኘም ነው ያለችው። እኔ ጓዳ ውስጥ ያለውን መች ፈለጋችሁት አለ በሆዱ።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ የወይን ለቀማው ደረሰ። ዘንድሮ የሰሜኑ ነፋስ ክፉ ነበር፤ ግን ሐረጉ መሬት ላይ እንደ ቅርጫት ተጠቅልሎ ፍሬውን በሆዱ ስለሚደብቅ ብዙም አልጎዳንም። ማንቶስ ወይኑ በሚረገጥበት ቀን ሜልፖንና ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን ጠራ። እኔም ነበርኩ፤ ቅርጫት አቀብል ነበር። ፍራንጉላ ቢጫውን ክክ ፈጭታ በሽንኩርትና በዘይት አቅርባለች፤ የቲማቲም ጥብስ አለ፤ ያምናው ወይን ተቀድቷል።

ሜልፖ ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ጓዳው ገባች። የሥራ ልማድ ነው እንግዲህ፤ እየጠጣች ግድግዳውን በጣቷ ኳ ኳ እያደረገች ትሄዳለች። የምሥራቁ ግድግዳ፣ አመድ። የሰሜኑ ግድግዳ መጀመሪያ፣ አመድ። ከዚያ ቆመች። ደግማ መታች።

"ባርባ፣ ይሄ አመድ አይደለም። ኖራ ነው። ውስጡ ደግሞ ሙሉ ነው።"

"ያ ግድግዳ አይነካም፣ የኔ ልጅ" አለች ፍራንጉላ ከበሩ። "ስንት ዓመት አስፋልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። ከእኔ ይልቅ ያገባው እሱን ነው።"

ሁላችንም ሳቅን። ማንቶስ አልሳቀም። የያዘውን ማሰሮ ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ በርሜሉ ላይ ተደገፈ፤ ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "ሰው አለበት" አለ።

ወይን የሚረግጡት እንኳ ቆሙ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ተናገረ፤ ስለ ዶማው፣ ስለ አራቱ ክፍተቶች፣ ስለ ባልዲው፣ ዛኔስ ስለነገረው የጣልያን ሕፃን። ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ ነው የጨረሰው። ሕጉ የሚለውን ታውቂያለሽ፣ ጻፊብኝ፤ ጓዳውንም ውሰዱት፤ እኔ ላየው አልፈልግም አላት።

መጀመሪያ የተናገረችው ሜልፖ አይደለችም።

"ስም የሌለው ሕፃን የምትለው ይሄ ነው?" አለች ፍራንጉላ።

ማንቶስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሴትየዋ አጠገቧ ያለ ቅርጫት ላይ ተቀመጠች፤ ያውም ወይን የሞላበት ቅርጫት። "ፒሬየስ ላይ የወለድከው መስሎኝ ነበር" አለች። "ሃያ ዓመት ከማን ይሆን እያልኩ። አፍንጫው ያንተን ይመስል ይሆን እያልኩ። ምስኪን ልጅ፣ ሳይጠመቅ ነው የሞተው ብዬ እኔም በድብቅ ሻማ ሳበራለት ነበር።"

ማንቶስ ቀና ብሎ አያት። ያን አስተያየት እኔ መጻፍ አልችልም። ሁለቱ ለአንድ ልጅ በየፊናቸው ሲያዝኑ ኖረዋል።

ሜልፖ በዚህ መሐል ሌላ ነገር ነው የያዛት። "ባርባ፣ እንዴት ነው የደፈኑት? ድንጋይ ጠቀጠቁበት?"

"ድንጋይ አልነበረኝም።"

"ታዲያ?"

"አፈሰስኩት።" አፈረ። "ስንፍና ነው። ሟቹ አማቴም ነግሮኝ ነበር።"

"ምን ያህል የቀጠነ?"

"ሾርባ ነዋ። ሾርባ።"

ሜልፖ ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። "እኔ ጀሶ ሳፈስስ የሚበጠብጥልኝ ማነው?" አለችው። "አቅጥነው፣ ይግባ፣ ሁሉም ቦታ ይድረስ የምለው ለማነው? እርስዎ እኮ ከእኛ ሁሉ አስር ዓመት ቀድመው ነው የሠሩት። ሰው ከሆነ ሰው ነው፤ እሱን አሁን ማወቅ አልችልም። ግን አላጠፉትም። ያለው እንዳለ እዚያው አለ።"

ይህን ሁሉ ዓመት በገዛ እጁ ያንኑ ሥራ ሲሠራ፣ ይህ ነገር አንድም ቀን ብልጭ አላለለትም። ፍርሃት እንዲህ ነው የሚያደርገው። አጠፋሁት ብሎ ነው የኖረው፤ ቀረጽኩት ብሎ አያውቅም።

ለመንግሥት ደብዳቤ ተጻፈ፤ ፈቃዱም በአስራ ሁለት ቀን መጣ። አራቱን በርሜሎች ተሸክመን ዛኔስ ጓዳ አስገባን። ለዛኔስ ግድግዳ ሊጠገን ነው ብቻ ነው ያልነው፤ እሱም ማንቶስ ግድግዳ ሊጠግን ከሆነ ጭልፋዎቻችንን እንደብቅ ብሎ ቀለደና እህቱን በሥራ ሊረዳ ከፊታችን ወዳለችው ደሴት ወደ ቴራሲያ ተሻገረ።

ሜልፖና ባልደረቦቿ ሦስት ሳምንት ለጡ። ግድግዳውን ከጎን ከፍተው፣ በትንንሽ ቢላዋና በብሩሽ፣ አመዱን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። ማንቶስ አንድም ቀን አልገባም። በር ላይ በርጩማ አውጥቶ፣ ጀርባውን ለጓዳው ሰጥቶ፣ የለቀማ ቅርጫት ይጠግናል። ያልተቀደደውንም ይጠግናል። ፍራንጉላ ደግሞ ገብታ ትወጣለች፤ ዛሬ አንዱ ቀጭን ነገር ወጣ፣ የክንድ ርዝመት አለው ትለዋለች። እሱ እጁ ይቆማል። ጣት አለው ወይ ይላል። ገና ታቹ አልተለጠም ትለዋለች። ይህ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። እህል አልበላ አለ። ፊቱ የገረጣው ኖራው እሱ ላይ የፈሰሰ ይመስል ነበር።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ውስጥ ድንገት ጸጥ አለ። ቢላዋው ቆመ፣ ብሩሹ ቆመ። ሳቅ የለም፤ ማንቶስ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠብቀው ሳቁን ነው። ቅርጫቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ሜልፖ ወጣች። ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኗል፤ በአቧራው ላይ የእንባ መንገድ አለ። ከፊቱ ቁጢጥ አለች።

"ባርባ፣ ይግቡ። አልጋ ነው።"

ማንቶስ አልተነሣም። "በላዩስ?" አለ።

እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ማንም አላሰበውም። አልጋ ከሆነማ ተኝቶበት የነበረው አለ፤ ሃያ ዓመት ያሰበ ሰው ነው ይህን የሚጠይቅ።

"በላዩ ማንም የለም" አለች ሜልፖ። "እንዴት እንደማውቅ ልንገርዎት። ሰው ተኝቶበት ቢሆን ኖሮ የእሱም ቦታ ባዶ ይሆን ነበር፤ የእርስዎ ኖራ እዚያም ይገባ ነበር። ያ ኖራ ያልገባበት የለም። ከእንጨቱ ጋር የታሰረውን የገመድ ቋጠሮ አንድ በአንድ አውጥቶታል። ወፍራም ቢሆን ኖሮ እርግጠኛ አልሆንም ነበር። ቀጭን ስለሆነ ነው የማውቀው። ምንጣፉን ጠቅልለው፣ ልጁን ይዘው ሄደዋል።"

ማንቶስ ተነሣ። ፍራንጉላ እጁን ያዘችው፤ እንደ ሙሽሮች ገቡ።

ትንሽ አልጋ ናት። የልጅ ልክ። አራት ቀጫጭን እግሮች፣ አራቱም ቀጥ ያሉ፤ ጠርዙ የተጠረበ፤ ከላይ የገመዱ ፍርግርግ ሽመናው ሳይቀር የሚታይ። የእኛ አገር አመድ በመርከብ እየተጫነ፣ ከኖራ ጋር እየተደባለቀ ስንት ወደብ የተሠራበት ነው፤ ድንጋይ ሆኗል፤ መቶ ሰው ቢቀመጥባት የምትንቀሳቀስ አይመስለኝም። አፉን የመረገበት ቦታ ደግሞ አልጋዋ ራስጌ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል፤ እዚያ ላይ የአንድ ወጣት መዳፍ አሻራ አለ፤ አምስቱም ጣቶች። ማንቶስ የዛሬ እጁን አስጠጋ። አልገጠመም፤ የዛሬው ወፍሯል። ከባልደረቦቿ አንዱ ይህን ማንሳት ይኖርብናል አለ። ሜልፖ ማንም አይነካውም አለችው። እስካሁን እየተከራከሩ ነው።

ማንቶስ ጎንበስ ብሎ ገመዱን በጣቱ ተከተለ። ቋጠሮ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ያልፋል። "ጎበዝ ሠራተኛ ነው" አለ። ስለ ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

"ያደገ ይመስልሻል?" አላት ፍራንጉላን በመጨረሻ።

"አድጎ አግብቶ ይሆናል" አለችው። "ከሚስቱ ደግሞ እንደ አንተ ምሥጢር ያልደበቀ።"

"አባትሽ ይህን ቢያይ።"

"አባቴማ አሁንም ሾርባ ነው ይላል።"

ያኔ ነው ማንቶስ የሳቀው። ከት ብሎ፣ ሆዱን ይዞ፣ አልጋዋን እንዳይነካ ወደ ኋላ እያፈገፈገ። ስድስታችንም ሳቅን፤ ሜልፖ እንደገና አለቀሰች።

የጓዳው ነገር ገና አልተቆረጠም፤ ክረምቱን የመንግሥት ሰዎች መጥተው ያዩታል ተብሏል። አልጋዋ ትውጣ ወይስ እዚያው ትኑር እሱም አልታወቀም። ፍራንጉላ አሁን ግድግዳው ፈርሷልና ጓዳው ሰፋ ብላ ደስ ብሏታል። የወረቀቱን ነገር ስጠይቀው፣ ከወረቀቱ አልሰርዘውም አለኝ ማንቶስ፤ ከዚህ በሕይወት ቢወጣም ኋላ መሞቱ አልቀረም፣ የሚያስበው ሌላ ማን አለው። ፍራንጉላም ሻማዋን እንደማትተው ነግራኛለች።

ዛኔስ ግን አልሰማም። ማንቶስ ቀስ ብሎ ይሰማል፣ የእህቱ ሥራ ሲያልቅ መምጣቱ አይቀርም ብሏል። እሱ ጨዋ ነው፤ ይችላል። እኔ አልችልም። ያ ሰውዬ አንድ የወይራ ዘር ተፍቶ ሁለት ሰዎችን ሃያ ዓመት እንዳስለቀሰ ዛሬ ማወቅ አለበት፤ የምሥራቹም የእሱ ጭምር ነው። የቴራሲያ ጀልባ በአስር ሰዓት ትነሣለች፣ ወደቡ ድረስ ደግሞ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ይኸው ጫማዬን አጥልቄያለሁ፤ ሄድኩ።